ላይ የቱ ነው?

ፊርደውስ ደሴ ፒያሳ ባለው ማተሚያ ቤት በሰርግ መጥሪያ ካርድ ጀርባ ላይ ወደ ሰርጉ ቤት የሚያደርስ ካርታ ትስላለች። መንገዱ ስም የለው፣ በሩ ቁጥር የለው፤ ሰው እንዴት ይድረስ? ባለሰርጉም ካርዱን ገልብጦ ቤቱን መሃል ላይ፣ ከተማውን በዙሪያው ሲያይ ፊቱ ይፈታል። የኮምቦልቻው ሀጂ ሱሌማን ብቻ መጀመሪያ ቀልደው ነበር፤ «የቤቴ ካርታማ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። አንቺ ደግሞ የምኑን ካርታ ነው?»

በኋላ ግን ተቆጥተው ደወሉ። የካርዱን ናሙና ይዘው ከደጋን የመጡት ታላቅ እህታቸው መዲና፣ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ከዘበኛ ጋር ሲጨቃጨቁ ተገኙ።

«ፊርዲ፣» አላት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሉቃስ፣ «ይሄ ሁለተኛ ጊዜሽ ነው። አሁንም ከተመለሰ ካርታው ይቀርና ፎቶ ኮፒው ላይ ትቀመጫለሽ።»

ስህተቱ ገባት። ሀጂ በስልክ «ከመስጊዱ ወደ ላይ» ሲሏት ቀስቱን ወደ ተራራው አዙራዋለች። የደሴ ልጅ ናት፤ ለደሴ ሰው ላይ ማለት ወደ ጦሳ ተራራ ነው፣ እግሩ ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ግን ሜዳ ነው፤ ለሀጂ ላይ ማለት የደሴ መንገድ ነው።

ጥርስ የምታበቅለው ልጇ ዊዳድ ሌሊቱን አላስተኛቻትም። በማግስቱ አዝላት በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ከተማው በደጋን በኩል በሚጀምርበት ወርዳ፣ እንደ እንግዳ በፀሐይ በእግሯ ተጓዘች። ዓይኗ ያረፈበትን ብቻ ሳለች፤ ጎሚስታው ደጃፍ የተከመረውን ጎማ፣ ወፍጮ ቤቱን፣ መስጊዱን፣ ከዚያ የሀጂን አረንጓዴ በር። ላይም ታችም አልጻፈችም። ጎማው ቢነሳስ? ቢነሳም ሰርጉ እሁድ ነው፣ እስከዚያ ማን ያነሳዋል!

ሥዕሉን ለደጋን ሹፌር ሰጥታ፣ ወደዚያ ለተመለሱት ለመዲና ላከች። ሀጂም ለእህታቸው ደውለው «ማንንም ሳትጠይቂ ነይ» አሏቸው። ፊርደውስ በሩ ላይ ቆመች። የቀትሩ ሶላት ዙሁር ተሰገደ፤ ሴትዮዋ የሉም። አንገቷን አስግጋ መንገዱን አየች።

«አብሽሪ ልጄ፣» አሏት ሀጂ፤ እሳቸውም ግን መንገዱን ያያሉ።

በመጨረሻ መዲና ወረቀቱን እያራገቡ ብቅ አሉ።

«የት ቆዩ እትዬ? ጠፋብዎት?» አለቻቸው ፊርደውስ።

«ምኑ ይጠፋኛል? ጎማውን አሳየኝ፣ ወፍጮውን አሳየኝ። ወፍጮው ጋ ይዛ የምታቆየኝን ወሬኛ ዘመዴን ግን አላሳየኝም!»

«ወላሂ፣ ወሬኛዋስ አንቺ ነሽ!» አሉ ሀጂ እየሳቁ።

ፊርደውስ ደወለች። «ሉቃስ፣ ደርሰዋል።»

«እንግዲያው ይዘሽው ነይ፣ ይታተም። የገራዶ ሰዎችም ካርታ ፈልገው እዚህ ተቀምጠዋል።»

ደስ አላት፤ ደስታው ግን እግሯ ድረስ አልወረደም። ጫማዋን አውልቃ ደፉ ላይ ተቀመጠችና ዊዳድን ወደ ጡቷ አስጠጋች።

«ይታገሱኝ በላቸው፣» አለችው፤ «በእግሬ ሳልሄድበት አልስልም።»