ሙላው የተሸከመው ድንጋይ

ሀጀራ ከጅዳ ስትመለስ ሁለት ሻንጣ ሽቶ፣ አንድ የወርቅ ጥርስና ዝም የማይል ስልክ ይዛ ነበር የመጣችው። ሽቶው ዓመት ሳይሞላው አለቀ። ጥርሱ አለ፤ እሱን ካስገባች ወዲህ የማያስቀውም ነገር ያስቃታል ይሏታል፣ ያው የሰው አፍ ነው። ጉዱን ያመጣው ግን ስልኩ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት የሰው ልጅ አዝላ አሳድጋለች። ባሏ እዚህ ሌላ ማግባቱን የሰማችው በስድስተኛው ዓመቷ ነው፣ ያውም በስልክ፣ ያውም መንደሩ ሁሉ ድግሱን በልቶ ከጨረሰ በኋላ። ስትመለስ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ከባሏ ቤት ማዶ የአባቷ ቦታ ላይ ቆርቆሮ ቤት ሠራችና እሱ በር ሲከፍት እሷን እንዲያይ በሯን ወደሱ አዞረችው። ይኸው እስከ ዛሬ ያያታል።

መንደሯ ከመካነ ሰላም በእግር ሁለት ሰዓት ታስኬዳለች። ሀጀራ ከመምጣቷ በፊት ልጇ ዐረብ አገር ያለችባት እናት ሁሉ ከተማ ድረስ ሄዳ የሰው ስልክ ስትለማመጥ ነበር የምትውለው። አሁን ከሀጀራ ጓሮ ያለው ቋጥኝ ላይ ይወጣሉ፤ ኔትወርኩ እዚያ ይገኛል። ኢሞውን ትከፍትላቸዋለች፤ ይተያያሉ፣ ይላቀሳሉ፣ ከስተሻል አልከሳሁም ይባባላሉ። ስልኩን የምትይዘው እሷ ናትና የአገሩ ምስጢር ሁሉ በጆሮዋ ያልፋል። ማን ከማዳሟ ቤት እንደጠፋች፣ ማን ለባሏ ሳትነግር ልትመለስ እንዳሰበች። አንዱንም አታወጣም። የሽንብራ እሸት ታቅፈው፣ ወሬ ትጥልልናለች ብለው ደጇ የተቀመጡ ሴቶች ስንት ናቸው፤ ሽንብራቸውን በልታ ትሸኛቸዋለች። እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ የአገሩን ምስጢር የበተነችው።

ዘንድሮ በታኅሣሥ፣ አንድ ጁምዓ ቀን፣ የወንድሟ የጠልሐ የስንዴ ክምር ነደደ። ጠልሐ ለሶላት ከተማ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ጭሱን ከሩቅ አይቶ ሮጠ፣ ሲደርስ አመድ ነው የጠበቀው። ማን እንዳነደደው ያየ የለም፣ ወይ ያየ ሁሉ አላየሁም አለ።

ሽማግሌዎቹ መንደሩን ወይራው ሥር ሰበሰቡ። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ ልጆችን ቁርኣን እያስነበቡ ሲያስቀሩ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ሸህ ሁዜይፋና የገብርኤሉ ቄስ መምሬ ክንፈ። አንዱ ሲቆጣ ሌላው እያበረደ ስንቱን ጠብ አብርደዋል። መምሬ ስልክ አላቸው፣ መዝጋቱን ግን አያውቁበትም፤ በእርቅ መሃል ይጮህባቸውና ሸሁ፣ «አንሡት እንጂ መምሬ፣ መልአኩ ይሆናል» ይሏቸዋል።

በሁለተኛው ስብሰባ ሙላው ብድግ አለ። እርሻው ከጠልሐ ጋር ኩታ ገጠም ነው፤ በድንበር ሲነታረኩ ኖረዋል። እኔ ነኝ አለ። አረቄ ጠጥቶ ክብሪት ጫረ፣ በቃ። ማንም ሳይጠረጥርህ ለምን ተናገርክ ሲሉት፣ ጠልሐ ባገኘኝ ቁጥር እንደ ድሮው ሰላም እያለኝ መላቅጤ ጠፋ ነው ያለው።

ያ ወይራ ሕግ አለው። እዚያ የተነገረ ጥፋት እዚያው ይቀራል፣ ከመንግሥት ጆሮ አይደርስም፤ ሸህ ሁዜይፋ ለሙላው ይህንኑ ቃል ሰጡት። ሌላም ሕግ አለው፤ በጠፋው ንብረት ላይ ድርሻ ያለው ሰው ሁሉ በገዛ አፉ «አውፍ ብያለሁ»፣ ይቅር ብያለሁ ማለት አለበት። አንድ ሰው ከጎደለ እርቁ ክፍቱን ነው የሚያድር፣ ቂም በዚያች ይገባል። መሬቱ የአባታቸው ስለሆነ ታናሽ እህታቸው ፈርሂያም ድርሻ አላት። ፈርሂያ ያለችው ደግሞ ሳውዲ፣ ጣኢፍ፣ የሰው ቤት ነው፤ ማዳሟ በሥራ ሰዓት ስልክ አታስነካትም።

መላውን ያመጣችው ሀጀራ ናት። እርቁን ቀርጬ ልላክላትና አይታ አውፍታዋን በድምፅ ትመልስልን አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ለፈርሂያ ብቻ፣ ከሷ እንዳያልፍ ተባለ። ሸሁ ይኼ ነገር ደስ አላለኝም እያሉ ጢማቸውን ሁለቴ በእጃቸው አበጠሩ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ቀረጸች። ሙላው እንደ ወጉ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ መጣ። ሌላው ሰው ለወጉ ያህል ጡጫ የምታክል ይዞ ይመጣል፤ ሙላው የመረጠው የወፍጮ መጅ የሚያህል ነበር። ሸሁ ፊት ተንበረከከ። ጥፋቱን ከክብሪቱ ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ጠልሐ ተነሥቶ ድንጋዩን ከማጅራቱ አንሥቶ ወረወረው፣ ተቃቀፉ። ሸሁ ዱአ አደረጉ፣ መምሬ መረቁ፣ ሁሉም አሚን አለ። በማግስቱ የፈርሂያ ድምፅ መጣ፤ አውፍ ብያለሁ ሙላውዬ እያለች ታለቅሳለች። ሙላውም ሰምቶ አለቀሰ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት።

ፈርሂያ ከአገሯ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው። የወሎ ቦረና ልጆች ተሰባስበው የሚጽፉበት ግሩፕ አላቸው፤ አንድ ቀን ሆድ ባሳትና የእርቁን ቁራጭ እዚያ ለጠፈችው። ጥንቃቄዋን ደግሞ እዩት፤ ሙላው የሚናገርበትን ሁሉ ቆርጣ አስቀረች፣ ምስጢር ነዋ። የለጠፈችው ለሷ ዓይን ከሁሉ ያማረውን ነው፤ ሙላው ድንጋይ ተሸክሞ ሸሁ ፊት ሲንበረከክ፣ አርባ ሰከንድ። እዚህ አገር ድንጋይ የተሸከመ ሰው ይከበራል፤ ጥፋቱን ለማመን ልብ ያለው ነው የሚሸከመው። ይህን የማያውቅ ሰው ባለማተቡን ሸህ ፊት ተንበርክኮ ሲያየው ምን ሊመስለው እንደሚችል በሐሳቧም አልመጣ። ሙሉውን ማዳሟ ስልኳን ስለምትፈትሽባት አጠፋችው። ሀጀራ ስልክ ላይ ብቻ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ያቺ አርባ ሰከንድ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው እጅ ገብታ፣ የሐዘን ዜማ ተደርቦባት ወጣች። የጠልሐ ልጅ ነሲባ፣ መካነ ሰላም አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው፣ መንገዱን በሩጫ ጨርሳ መጥታ የተጻፈውን ለአክስቷ አነበበችላት። ክርስቲያኖች በግድ እየተንበረከኩ ነው ይላል። ከሥሩ ሌላው፣ ሙስሊሙን ለማስፈጀት የተሠራ ድራማ ነው ይላል። መካነ ሰላም በየት በኩል እንደሆነች የማያውቅ ሰው ሁሉ ይሳደባል። ሦስት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል አለቻት። ሀጀራ ቁጥሩ አልገባ አላት፤ መንደሩ ከነሕፃኑ ቢቆጠር አራት መቶ አይሞላም።

ለፈርሂያ ደወለች። ልትቆጣት ነበር፣ ፈርሂያ ግን ቀድማ ስታለቅስ ቁጣው ከአፏ ጠፋ። አብሽሪ፣ ይረሱታል አለቻት። አልረሱትም።

ነሲባና የሙላው ልጅ ብዙአየሁ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ሐሙስ ዕለት ተማሪው ሁሉ በሃይማኖት ለሁለት ተከፍሎ ተቀመጠ፤ ማን እንዳዘዘው አይታወቅም። መምህራቸው አለምነው የዕለቱን ትምህርት ትቶ ስለ እርቅ ወግ ሊያስረዳ ሲጀምር፣ አንዱ ተነሥቶ፣ «በዓይናችን አይተናል እኮ ቲቸር» አለው። ከዚያ ሁሉ ተማሪ እርቁ ቦታ ተገኝተው በእውነት በዓይናቸው ያዩት ነሲባና ብዙአየሁ ናቸው። አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ተቀምጠው ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ፖሊሶች መጡ። ልጆቹ ቁርኣን የሚጻፍበትን ሎሃቸውን ታቅፈው እየቀሩ ሳለ ሸህ ሁዜይፋን ይዘዋቸው ሄዱ፤ ሰው በግድ አንበርክከው አዋርደዋል ተባለ። የፖሊሶቹ አለቃ ሸሁን ያውቃቸዋል፤ እሱን ራሱን ከሚስቱ ያስታረቁት እሳቸው ናቸው። ግን ከላይ በየሰዓቱ ይደወልና ያንን ቪዲዮ ምን አደረጋችሁት ይባላል፤ ምን ያድርግ። መምሬ ክንፈ መስቀላቸውን ይዘው ሄደው ቢመሰክሩም አልሆነም፤ እሳቸውንማ ስልኩ ላይ የተገዛ ቄስ ብለዋቸዋል።

እንግዲህ የሀጀራን ጭንቀት እዩላት። ሸሁን የሚያወጣቸው ያ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ጠልሐ ድንጋዩን ሲያነሣ፣ ሲተቃቀፉ፣ መምሬ ሲመርቁ፣ ሁሉም አለበት። ግን እዚያው ውስጥ ሙላው ክብሪት መጫሩን በገዛ አፉ ይናገራል። ብትለቀው ሙላው ይታሰራል፤ ብትይዘው ሸሁ እንደታሰሩ ይቀራሉ። ቆርጣ እንዳትለቀው፣ ከእንግዲህ የተቆረጠ ነገር ማን ያምናል። ስልኩን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀበረችው፤ እዚያም ሆኖ ይጮኻል።

በአራተኛው ቀን ሙላው ቤት ሄደች። ሚስቱ በዛች በሩ ላይ ቆማ አላስገባት አለች። የበዛች ምላስ ድሮም የተሳለ ነው።

«ዛሬስ ማንን ልትቀርጪ ነው? ዶሮዎቹ አሉልሽ።»

ሙላው ከውስጥ ሰምቶ ወጣ፣ ሲያስብበት ነው የከረመው። እሳቱን ሳያነሣ፣ ማንም እንዳላስገደደው፣ ድንጋዩንም ራሱ መርጦ እንደተሸከመ ልናገርና ቅረጪኝ አላት። የበዓል ሸሚዙን ለብሶ ወይራው ሥር ቆሞ፣ አምስት ጊዜ ተሳስቶ በስድስተኛው ተናገረ። ሁለት መቶ ሰው አየው። አንዱ፣ ከኋላው ጠመንጃ ይዞ የቆመ አለ ብሎ ጻፈ፤ ሌላው ዓይኑን እዩት ፈርቷል አለ። መፍራቱስ ፈርቷል። ካሜራውን ነው የፈራው።

በገበያ ቀን መካነ ሰላም ላይ የአንድ ሙስሊም ሱቅ መስታወት ረገፈ። በማግስቱ የአንድ ክርስቲያን ባጃጅ ተሰባበረ። ከዚህ በኋላ ምን ሊመጣ እንደሚችል ሁሉም አውቆታል። ሰኞ ጠዋት ሙላው የሀጀራን ቋጥኝ ወጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሙሉውን ልቀቂው።»

«ያስሩሃል እኮ ሙላውዬ።»

«ሸሁ በኔ ክብሪት ታስረው እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ አልበላም።»

«በዛችስ ምን አለች?»

«ጠይቄያት ቢሆን እዚህ እደርስ ነበር?»

ሀጀራ መላኪያውን ነካችው። ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ደግሞ ከባድ። ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች፣ እነሱ ጎን ለጎን ሆነው ያዩዋታል። ገና ነው? ይላል፤ ገና ነው ትለዋለች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ላቁመው ወይ አለችው። እሱ ሣር እየነጨ ማዶ ማዶውን ያያል። ቪዲዮው ሄደ።

ሸሁ በሦስተኛው ቀን ተለቀቁ። ከተማውም ትንሽ ተነፈሰ። አሥራ አንዱን ደቂቃ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ያየ ሰው ብዙ አልነበረም፤ አቃቤ ሕጉ ግን አይቶታል። ሙላውን ወሰዱት። ጠልሐ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ ክምሩ የኔ ነው፣ እኔ አውፍ ካልኩ ምን ቀራችሁ ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ ወጣት ናት፣ ትሕትና ያላት፤ እርቃችሁ ቅጣቱን ያቀልለታል፣ እሳት መለኮስ ግን ያንተ ጉዳይ ብቻ አይደለም አለችው። ዓመት ከአራት ወር ፈረደችበት።

ሀጀራ ሸሁን ልትጠይቅ ሄደች። ምርቃት ጠብቃ ነበር፣ ለምን ይዋሻል። እንድትቀመጥ ጋበዟትና፣ «እኔን አወጣሽ ልጄ፣ ቃሌን ግን አሰርሽው» አሏት። እሱ ራሱ ነው ልቀቂው ያለኝ የሚለውን በሆዷ ይዛ ተሰናበተቻቸው።

በመጋቢት ከታችኛው ሰፈር በሬ ጠፋና ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ሰው ሰበሰቡ። የሰዉ ስልክ ሁሉ በአንድ ሰፌድ ተለቅሞ ከሩቅ ተቀመጠ። ቢሆንም ሁሉም የጎረቤቱን ኪስ ኪስ ሲያይ ውሎ ሳይናገር ተበተነ። በሬውን ወግዲ ገበያ አየነው የሚሉ አሉ፤ የሚሉትም በሹክሹክታ ነው።

ሀጀራ ቅዳሜ ቅዳሜ ማረሚያ ቤት ስንቅ ታደርሳለች። በዛችም ታደርሳለች። መንገዱ አንድ ነው፤ በዛች አሥር እርምጃ ቀድማ፣ ሀጀራ ከኋላ፣ አይነጋገሩም። ሰኔ ላይ በዛች ጭቃው አንሸራቷት ወደቀችና ሀጀራ ሮጣ አነሣቻት። በዛች ቀሚሷን እያራገፈች፣ «ይኼንንስ ቀረጽሽው?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ አምስት እርምጃ ነው የምትቀድማት።

ባለፈው ቅዳሜ ሙላው ስንቁን ከበዛች ተቀብሎ ሀጀራን ወደ አጥሩ ጠራት። ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል። ጠልሐ እርሻህን አርሶልሃል አለችው፤ ሰምቻለሁ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«አሁንም ያዩኛል?»

ያን ጠዋት ነሲባ አሳይታት ነበር። ያቺው አርባ ሰከንድ፣ ያው ሰውዬ፣ ያው ድንጋይ፣ ሌላ ጽሑፍ ተለጥፎባት፣ ሌላ አገር ትናንት የተደረገ ነው ተብላ እንደ አዲስ ወጥታለች።

«ኧረ ወዲያ፣ ረስተውሃል። ማን ብለው ያስታውሱሃል።»

«ወላሂ በይ።»

ሀጀራ በሐሰት ምላ አታውቅም። ባሏን በጠላችበት በዚያ ዘመን እንኳ አልማለችም። በዛች ፊቷን ወደሷ መልሳ ትጠብቃለች።

«ወላሂ» አለች።

ሙላው ግድግዳው ሥር ቁጭ አለና ስንቁን ፈታ።