የቡሬ ካሣ

ልጅ ሳለሁ ጣልያን የአያቴን በሬ በየምሽቱ ይወስድባቸው ነበር። እራት ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ እናቴ የወይራውን ግንድ ወደ ምድጃው ገፋ ስታደርገው፣ ፍሙ ሲገላለጥና በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ነፋስ የኩራዙን ነበልባል ሲያወዛውዘው፣ አያቴ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ያኔ እኛ ልጆች ቡሬ ዛሬም ሊወሰድ እንደሆነ እናውቃለን።

ቡሬ እኔ ያልደረስኩበት በሬ ነው። የተወሰደውም ጣልያን አገራችንን ወርሮ ሰዉ ሁሉ ከነልጁ ወደ ገደል በሸሸበት ዘመን ነው። እንዴት እንደተወሰደ ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ልጅ በሰቆጣ ዙሪያ አልነበረም። የወታደሮቹ ቁጥር የሚወሰነው በአያቴ ሆድ ነበር። እራቱ ከሳሳ ቡሬን ለመጎተት ሦስት ወታደር ይበቃል፤ ደህና የተበላ ዕለት ሰባት ይሆናሉ፤ በፋሲካ ሰሞን አሥራ ሁለት ደርሰው በመጨረሻ አንድ ሹም በፈረስ ተጨመረባቸው። ቡሬም የሹሙን ባርኔጣ በቀንዱ ነጥቆ፣ እንዳጠለቀው ሦስት ጊዜ መንደሩን ዞረ። እኔ ደግሞ ባርኔጣው ላይ የሰጎን ላባ ጨምሬ ለጓደኞቼ አወራለሁ። ከእኔ የሰሙት ልጆች ላባውን ለአያቴ መልሰው ሲነግሯቸው «አዎ፣ ላባውን ረስቼው» ይላሉ እንጂ አይክዱም።

ከአድማጮቹ መካከል አንድ ምሽት እንኳ ቀርተው የማያውቁት ጎረቤታችን አያ ኪሮስ ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ የመንደራችን ሰዎች የጎበዝ አለቃ አድርገው የመረጧቸው፣ ዘጠኝ ሰው ይዘው ገደል ለገደል ጣልያንን ሲያስጨንቁ የከረሙ፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ናቸው። ከጦርነቱ በፊት አያቴም አንድ በሬ፣ እሳቸውም አንድ በሬ ስለነበራቸው ሁለቱን አቀናጅተው መሬታቸውን በየተራ ያርሱ ነበር። ቡሬ ከጠፋ በኋላ አያ ኪሮስ በሬያቸውን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጁ፤ ሆኖም ዝናብ በጣለ ቁጥር ከራሳቸው ማሳ በፊት የእኛን ያርሱልናል፤ ለዚህም አንድ ቀን ምስጋና ጠብቀው አያውቁም። እናቴ ግን የሰው በሬ እየጠበቁ መኖር ያሳፍራት ነበር። ምሽት ምሽት አያ ኪሮስ ከምድጃው በስተቀኝ ይቀመጡና ተረቱ ቡሬ ከሚወሰድበት ቦታ ሲደርስ እንጨት አንሥተው እሳቱን ይቆሰቁሳሉ። ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል፤ ሁላችንም ዓይናችንን እናሻለን። እኔ አያ ኪሮስ እሳት የሚወዱ ሰው ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

አንድ በጋ ከደሴ አንድ ወጣት ጸሐፊ በበቅሎ መጣ። ከኋላው ወረቀት የታጨቀበት ሣጥን የተሸከመ ሰው አለ። መነጽሩን ጠርጎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ካለው ጽድ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ በጦርነቱ ምን ንብረት እንደጠፋብን ሊጽፍ እንደመጣ ተናገረ። ስለ ካሣም የሆነ ነገር ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱን ካዩ በኋላ የሚሰማው አልነበረም። በእኛ አገር መንግሥት ከብት ከቆጠረ የሚቆጥረው ለግብር ነው፤ ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያሻም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መንደራችን በጦርነቱ አንድ ዶሮ እንኳ ያልጠፋበት መንደር ሆኖ ዋለ። የቤቱ ክዳን ከነግድግዳው የነደደበት ሰው «ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ድሮም የምኖረው በዋሻ ነው» አለ። የአያቴ ተራ ሲደርስ ጸሐፊው ስንት የቀንድ ከብት እንደጠፋባቸው ጠየቃቸው።

«ከብት? እኔ ከብት የማውቀው የሰው ሲያልፍ አይቼ ነው» አሉ አያቴ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በሕዝብ ፊት ቡሬ ተካደ! «አባባ፣ ቡሬስ? ሰባት ሆነው የጎተቱትስ?» ብዬ ጮህኩ።

አያቴ ራሴን እየዳበሱ ለጸሐፊው «ይህች ልጅ ከቆጥ ላይ ከወደቀች ወዲህ እንዲህ ያደርጋታል» አሉት። ሰውዬው በመነጽሩ ውስጥ በሐዘን አየኝ። እኔ በሕይወቴ ከቆጥ ወድቄ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እልሁ ከቆጥ ከመውደቅ ይብስ ነበር።

በማግሥቱ የመንደራችን ጭቃ ሹም ሰዉን ሰብስበው፣ ነገሩ ግብር አለመሆኑን፣ መንግሥታችን ጽሑፉን ሰብስቦ የጣልያንን መንግሥት ካሣ ሊጠይቅበት እንደሆነ አስረዱ። ከኋላ አንድ ሰው «ከፋዩ ጣልያን ነው?» ሲል ጠየቀ። «አዎ፣ ጣልያን ነው።» ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው እስኪገለበጥ ተጋፉ። ትናንት በዋሻ ይኖር የነበረው ሰው ባለ ሁለት ፎቅ ቤትና ሁለት ሰጋር በቅሎ ተቃጠለብኝ አለ። አንዲት መበለት ሠላሳ ቀፎ ንብ አስመዘገቡ፤ ንቦቹ ከድንጋጤ የተነሣ እስከ ተከዜ ድረስ ተበትነው እንደቀሩም አስጻፉ። ጸሐፊው አመሻሹ ላይ እርሳሱን አስቀምጦ፣ በዚህ ወረቀት መሠረት በመንደሩ ከሣሩ ይልቅ በሬው ይበዛ እንደነበር ተናገረ።

የሚገርመው በዚያ ሁሉ ግፊያ አያቴ ከተቀመጡበት ድንጋይ አልተነሡም። እናቴ ካሣው ቢመጣ በሬ እንገዛለን፣ የሰው በሬ ከመጠበቅም እንገላገላለን እያለች ትወተውታቸው ነበር። መንደርተኛውም «አያ ንጉሤ፣ የአንተንማ ማን ያጣዋል! በየምሽቱ ሰምተነዋል፤ ሁላችንም እንመሰክርልሃለን» ይላቸዋል። እሳቸው ግን «ነገ፣ ነገ» ይላሉ። ያን ምሽት ተረት አልነበረም። አያ ኪሮስ እንደ ልማዳቸው መጥተው ተቀመጡ፤ እሳቱ እስኪከስም አንድም ሰው አልቆሰቆሰውም።

በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው ብልሃት አገኘ፤ የሁላችንንም የንስሐ አባት አባ ገብረ ማርያምን አስመጣ። አባ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ ያልነበረውን ነበረ ያለ፣ የነበረውንም የሸሸገ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ገዘቱ። በግዝት ላይ የዋሸ ሰው ቄስ ደጁን አይረግጥለትም፤ ሲሞትም ፍትሐት የለውም። መንደሩ ዛር እንደለቀቀው ሰው ረጋ አለ። ሁለቱ ሰጋር በቅሎዎች አንዲት አህያ ሆኑ፤ አህያይቱም የአማት ሆና ተገኘች። ከሠላሳው ቀፎ ሦስት ቀረ፤ አንዱም ባዶ እንደነበር መበለቲቱ ራሳቸው ተናዘዙ።

«አቶ ንጉሤ» ተብሎ ተጠራ።

አያቴ ቀርበው ቆሙ። አንድ በሬ እንደነበራቸው፣ ቡሬ ይባል እንደነበር ተናገሩ። እኔ አሁን ሰባቱ ወታደሮች ይመጣሉ ብዬ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

«ማን ወሰደብዎት?» አለ ጸሐፊው።

አያቴ ጋቢያቸውን አጠበቁ። በግንባራቸው ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። «ጠፋ» አሉ በመጨረሻ።

«ማን እንደወሰደው ያውቃሉ?»

«የኔ ጌታ፣ በቃ ይቅርብኝ። በሬ አልነበረውም ብለው ይጻፉልኝ።»

«ንጉሤ!» አሉ አባ ገብረ ማርያም። «በግዝት ላይ ነህ!»

እናቴ ጥፍሯን ክንዴ ላይ ተከለችው። ሰው ሁሉ አያቴን ያያል፤ አያቴ መሬቱን ያያሉ። ያኔ ከሰዉ መካከል አያ ኪሮስ ተነሡ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩና «እሱን አታስጨንቁት። ቡሬን የበላሁት እኔ ነኝ» አሉ።

አያ ኪሮስ በዕድሜያቸው ያን ያህል ሲናገሩ የሰማቸው ያለ አይመስለኝም። ዘጠኝ ሰው ይዘው አራት ቀን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ በገደሉ ውስጥ ተከበው ነበር። ከተከታዮቻቸው ሁለቱ መቆም አቅቷቸው ነበር። ማታ ላይ በጨለማ ሾልከው ወርደው በሬውን ወስደው አረዱት። አያ ኪሮስ ከላይ ሆነው ሲያዩ፣ አያቴ በማግሥቱ ቀንዱን ከገደሉ ሥር አግኝተው፣ እዚያው የወደቀው ቢላዋ የማን እንደሆነም ዐውቀው፣ ቀንዱን ቀበሩት። ለመንደሩም ጣልያን ወሰደው ብለው ተናገሩ። «እኔም እፍረት ያዘኝና ዝም አልኩ። ይኸው በየምሽቱ እዚያው ምድጃው ጥግ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»

ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀ። «የእርስዎስ በሬ? ለምን የራስዎን አላረዱም?»

«የእኔ ከሲታ ነበር» አሉ አያ ኪሮስ።

አያቴ ይሄኔ ቀና አሉ። የግንባራቸውን ላብ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው «ይቺን ጻፉልኝ! በግዝት ላይ ሆኖ የተናገራት ናት። ከሁለቱ የሰባው የእኔ ነበር፤ ጻፉ!» አሉት።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ አባም መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ጸሐፊው ግን ሥራው ሥራ ነውና፣ በሬውን የበላው ጣልያን ካልሆነ ካሣው ከጣልያን ሊጠየቅ እንደማይችል ተናግሮ ሊሰርዘው እርሳሱን አነሣ። አያቴ እጁን ያዙት።

«ቆይ እንጂ ጌታዬ! ጣልያን ባይመጣ ኪሮስ ገደል ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባ ነበር? ቤቱ ሽሮውን በልቶ ይተኛ አልነበረም?»

ክርክሩ እስከ ቀትር ቆየ። መንደርተኛው በሙሉ ዳኛ ሆነ፤ ትናንት በቅሎ የፈጠሩት ሰዎች ዛሬ ስለ እውነት ተቆርቋሪ ሆነው ይሟገታሉ። በመጨረሻም፣ የበላው ኪሮስ ቢሆንም ያስበላው ጣልያን ነው ተብሎ ተቆረጠ። ጸሐፊው ይህን የሚያስገባበት ቦታ በወረቀቱ ላይ ስላልነበረው በኅዳጉ ላይ ዙሪያውን ጻፈው፤ ለመጨረስም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ማዞር ነበረበት።

ያን ምሽት እራት ተነሥቶ ፍሙ ሲገለጥ፣ በምድጃው በስተቀኝ ያለው መቀመጫ ባዶ ነበር። አያቴ በሩን በሩን ያያሉ። እኔም ፈራሁ፤ ከእንግዲህ አያ ኪሮስ እግራቸውን ወደ ቤታችን የሚያነሡ አልመሰለኝም። ቆይተው ግን መጡ፤ መጥተውም ደፉ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። አያቴ ሳይነሡ ጮኹባቸው።

«ግባ እንጂ፣ ብርዱን አታስገባብን! ና ተቀመጥ። ዛሬ አንተ ተርክ፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም።»

አያ ኪሮስ ተቀመጡ። ኩራዙን እያዩ፣ እኛን ሳያዩ፣ በዝግታ ነገሩን። ሰባት ወታደር የለም፤ ባርኔጣ የለም፤ ላባም የለም። ቡሬ በጨለማው በማሳው ዳር ቆሞ ሣር ይግጥ ነበር። ገመድ ይዘው ሄደው ነበር፤ ገመዱ ግን አላስፈለገም። «ና ቡሬ አልኩት፤ መጣ። ድምፄን ያውቀዋላ፤ ስንት ዓመት አርሼበታለሁ። ለእርሻ የጠራሁት መስሎት ከኋላዬ ተከተለኝ።»

አያቴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። አያ ኪሮስም አለቀሱ፤ ያን ቀን እሳቱ ምንም አልጨሰም ነበር። በመጨረሻ አያቴ ከጋቢያቸው ሥር ሆነው «ሥጋውስ?» ሲሉ ጠየቁ።

«እንዲያ ያለ ሥጋ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም።»

«አላልኳችሁም!» አሉን አያቴ ወደ እኛ ዞረው።

ከጣልያን ለመንደራችን የመጣ ነገር መኖሩን አልሰማሁም። አያ ኪሮስ እስኪሞቱ ድረስ መጀመሪያ የእኛን ማሳ ያርሱልን ነበር፤ እናቴም ከዚያ ቀን ወዲህ ማፈሯን ተወች። እኔም አድጌ፣ ከዚያ አገር ወጥቼ ብዙ ተረት ሰማሁ፤ የአያቴ ወታደሮች ግን ሦስትም ይሁኑ አሥራ ሁለት ዛሬ ግድ አይሰጠኝም። ከልቤ ያልወጣው፣ የሚያውቀው ሰው ስሙን ሲጠራው በጨለማ የተከተለውን በሬ ነው። አሁንም የማምነው ሰው በስሜ ሲጠራኝ ቡሬ ትዝ ይለኛል፤ ትዝ እያለኝም እሄዳለሁ።