ሁለት ሰልፍ ለአንድ ጫጉላ

ሰውየውን ሾፌሮቹ «አቶ ስምሪት» ይሉታል። ፊት ለፊት አይደለም፤ ዞር ሲል ነው። እሱ ግን ያውቃል፤ ውስጥ ውስጡንም ደስ ይለዋል። ሥራው የከተማ አውቶብሶችን መመደብ ነው። የትኛው በየትኛው መስመር እንደሚወጣ፣ የትኛው ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ሾፌር ምሳውን በልቶ እንደሚነሳና የትኛው እየነዳ እንደሚያኝክ የሚወስነው እሱ ነው። በአውቶብስ ማደሪያው ጥግ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የአውቶብሶቹን ማግኔት ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ፣ ከተማዋ በሁለት ጣቱ የምትንቀሳቀስ ይመስለዋል። ራሱ አውቶብስ ከተሳፈረ ግን ዘመናት አልፈዋል። ቤቱ ከማደሪያው ግቢ ጀርባ ነው፤ በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይሄዳል።

አንድ በሽታ አለበት። ሥራ ፈትቶ የቆመ ሰው ማየት አይችልም። ሁለት ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ካየ «ምናለ አንዱን ሌላ ቦታ ቢመድቡት» ይላል በልቡ። ጎረቤቱ የሞተ ጊዜ እንኳ ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ ትንሽ እንደተቀመጠ «እናንተ ቆየት ብላችኋል፣ ውጭ ያሉት ይግቡ» ብሎ ሐዘንተኛውን በፈረቃ ያስለቀሰ ሰው ነው። የሟች ሚስት ከእንባዋ መሀል ቀና ብላ ያየችውን አስተያየት እኔ ብሆን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም ነበር። እሱ «ሥርዓት ያዘ» ብሎ ደስ ብሎት ወጣ።

እጮኛውንም ያገኘው በዚሁ ጠባዩ ነው። ዳቦ ቤት ውስጥ ሊጥ የምታቦካ፣ ጎህ ሳይቀድ ሥራ የምትገባ ሴት ናት። አንድ ቀን አውቶብሷ ቀርቶባት አርፍዳ፣ ከአለቃዋ ስድብ ጠግባ ዋለች። በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ መስታወቷ ክፍል መጣች፤ ሰውየውን ሙልጭ አድርጋ ልትሰድበው። እሱ ግን አውቶብሱ ለምን እንደቀረ ከሞተሩ ጀምሮ እስከ ሾፌሩ የሆድ ቁርጠት ድረስ ረጋ ብሎ አስረዳት። ማንም አለቃ ነኝ ባይ ለእሷ አንድ ነገር አስረድቷት አያውቅም ነበርና አንጀቷ ራሰ። ልትሳደብ የመጣችው ሴትዮ የስልክ ቁጥሯን ሰጥታው ሄደች። ምን ይደረግ፣ ፍቅር በዚህም ይመጣል።

ጣጣው የሥራ ሰዓታቸው ነው። እሷ ስትወጣ እሱ ይገባል፤ እሱ ሲወጣ እሷ እንቅልፍ ላይ ናት። የታጩት በስልክ፣ የተጣሉት በስልክ፣ የታረቁትም በስልክ። በአካል ሲገናኙ ግቢው በር ላይ ነው፤ እሷ ዱቄት የነካውን ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና፣ እሱ ደግሞ ሰዓቱን እያየ። ስለዚህ ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው። ወርቅ አላለችም፣ ልብስ አላለችም።

«ከሠርጉ በኋላ የትም ውሰደኝ» አለችው። «ብቻ አንድ ሳምንት ከጎንህ ልዋል። ሳትቻኮል፣ ሰዓት ሳታይ።»

«ጣጣ የለውም! ለእኔ ተይው» አላት።

እሷም ተወችው። እዚህ ላይ ተሳሳተች።

ቦታውን የመረጠው አንድ ሾፌር በስልኩ ካሳየው ቪዲዮ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የተሠራ ትልቅ የመዝናኛ መንደር፤ ሆቴሉም እዚያው ግቢ ውስጥ። ሰማይ ላይ ሄዶ የሚገለበጥ ባቡር አለው፣ ከፎቅ በላይ የሚዞር ሽክርክሪት አለው፣ ሰው ከላይ ተወርውሮ ውሃ ውስጥ ዘጭ የሚልበት ቱቦ አለው፣ የድብ ልብስ ለብሶ መንገደኛውን ሁሉ የሚያቅፍ ጎረምሳም አለው። ሁለቱም ረግጠውት አያውቁም። ዘመዶቻቸውም አያውቁትም። ሌላው ሰው ቪዲዮውን ሲያይ ባቡሩን አይቶ ልቡ ይንጠለጠላል። አቶ ስምሪት ግን ባቡሩን አላየውም። ከባቡሩ ሥር የተሰለፈውን ሕዝብ ነው ያየው። እንደ አንጀት የተጠማዘዘ ሰልፍ! ቪዲዮውን እያቆመ፣ ምስሉን እያጎላ፣ ሰልፉ የት እንደሚጠብና የት እንደሚሰፋ አጠና። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም አልነበረውም።

አንድ እሁድ እጮኛውን ያሳደገችው አክስት ቤት ምሳ ተጠራ። አክስትየዋ ጡረታ የወጣች የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ በሽተኛም ሐኪምም ያልፈራች ምላስ አላት። ሰሃኑ እንደተነሳ ሰውየው ከኪሱ የጠርሙስ ቆርኪ እፍኝ ሙሉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አክስትየዋ።

«የጫጉላችን ስምሪት ነው፣ እትዬ።»

የጨው ዕቃው ባቡሩ ሆነ። የተገለበጠ ብርጭቆ ሽክርክሪቱ ሆነ። የሎሚው ሳህን የውሃው ቱቦ፣ ማንኪያው እየተጋጩ የሚጫወቱባቸው ትንንሽ መኪኖች። ሰማያዊዋ ቆርኪ ሙሽሪት፣ ቀዩ ሙሽራው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው» አለ። «ባልና ሚስት ተያይዘው አንድ ሰልፍ ውስጥ ይገተራሉ። ለአንድ ሰልፍ ሁለት ሰው! ብክነት ነው። እኔ ግን እሷን ባቡሩ ጋ እመድባታለሁ፣ ራሴን ሽክርክሪቱ ጋ። እሷ ባቡሩን ስትጨርስ ወደ ቱቦው፣ እኔ ሽክርክሪቱን ስጨርስ ወደ መኪኖቹ። ማታ እራት ላይ ተገናኝተን እሷ ያየችውን ትነግረኛለች፣ እኔም ያየሁትን እነግራታለሁ። ሌላው ሰው በሳምንት የማያዳርሰውን ግቢ እኛ በሁለት ቀን ጠረግነው ማለት ነው!»

ሰማያዊዋ ቆርኪ ወደ ጨው ዕቃው፣ ቀዩ ወደ ብርጭቆው፤ ሰማያዊዋ ወደ ሎሚው፣ ቀዩ ወደ ማንኪያው። ሁለቱ አንድም ቦታ ላይ አይገናኙም። ሰውየው ላብ እስኪያጠምቀው ደስ ብሎታል።

«ቁርስስ?» አለች አክስትየዋ።

«አንዳችን ስንበላ አንዳችን ቦታ እንይዛለን።»

«መኝታውስ? እሱም በፈረቃ ነው?»

«ኧረ እሱን አልነካሁትም፣ እትዬ» አለ፤ ደግሞ ከምሩ ነው የመለሰላት።

አክስትየዋ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እጮኛው ግን አልሳቀችም። ሰማያዊዋን ቆርኪ አንስታ ከቀዩ አጠገብ፣ ጨው ዕቃው ሥር አስቀመጠቻት።

«እንዲህ ቢሆንስ?» አለችው።

እሱ ገና እጇን ሳታነሳ «እዚያማ ይጨናነቃል» ብሎ ቆርኪዋን ወደ ሎሚው መለሳት።

ክው አለች። ቀስ ብላ ተነስታ ጠረጴዛውን በጨርቅ ጠረገችው፤ ባቡሩንም፣ ሽክርክሪቱንም፣ ሙሽራውንም አንድ ላይ።

«እኔ የለመንኩህ ጎንህን ነው» አለች። ስልቹ ሴት አይደለችም፣ ግን ቆሽቷ አሯል። «አንተ ደግሞ ሌላ ፈረቃ ሰጠኸኝ። ይሄን ያህል ዓመት በፈረቃ ኖረን ጫጉላችንም በፈረቃ ይሁን? ስማ፤ የሠርግ ልብሴን ከሰፊዋ አላነሳውም። የፊታችን የዕረፍት ቀንህ ከእኔ ጋር አንድ ሰልፍ ትቆማለህ፤ ከጅራቱ እስከ ራሱ። ከቻልክ እንጋባለን። ካልቻልክ አንተም በመስመርህ፣ እኔም በመስመሬ።»

«የምን ሰልፍ?» አለ ኩም ብሎ።

«ያንተው ነዋ! የአውቶብስ።»

ቀኑ ደረሰ። ከዳቦ ቤቱ ወደ አክስቷ ሰፈር የሚሄደው አውቶብስ ፌርማታ ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ አቶ ስምሪት ዕድሜውን ሙሉ ሰሌዳ ላይ በማግኔት ሲያንቀሳቅሰው የኖረው ሕዝብ መሀል ገብቶ ቆመ። ወይ ጉድ! ማግኔት ላይ እንዲህ አይሸትም፤ ማግኔት ላይ የሰው ክርን ጎድን አይወጋም። ትንሽ እንደቆመ እጁ ወደ ሰዓቱ ሄደ። እሷ በዓይኗ ያዘችው፤ እጁን ኪሱ ከተተ። ቀጥሎ ከፊቱ ያለውን ሽማግሌ «አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ቢሉ ከኋላ ያለው…» ብሎ ሳይጨርስ ቆነጠጠችው። ከዚያ ወዲያ የሚለው ጠፋው። የጫማውን ጫፍ ሲያይ፣ ሰማዩን ሲያይ፣ መልሶ ጫማውን ሲያይ ቆየ። እሷ ደግሞ አንድ ነገር እስኪነግራት እየጠበቀች ነው፤ ያውቃል።

ከኋላቸው ሽንኩርት በፌስታል የያዘች ሴት ነበረች። እግሯን እያቀያየረች መቆም ሰልችቷት ተነፈሰች።

«ይሄን አውቶብስ የሚመድበውን ሰውዬ አንድ ቀን ባገኘው!» አለች።

እጮኛው ፊቷ በራ። ዞር አለችላት። «ምን ታደርጊዋለሽ፣ እህቴ?»

«ምንም አላደርገው። እዚህ አቆመዋለሁ።»

«ሚስት ያለው ይመስልሻል?»

«ወግ ነው!» አለች ባለሽንኩርቷ። «ሚስት ያለው ሰው፣ ሰው ቤቱ ለመግባት እንደሚናፍቅ ያውቃል። ያ የሚጠብቀው ሰው የሌለው ነው።»

«እህቴ፣ እሱ እኮ ያለው አውቶብስ ጥቂት…» አለ አቶ ስምሪት።

«አንተ ደግሞ ጠበቃው ነህ?»

ፊቱ ጋለ። እጮኛው ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው፤ ግን ስታየው ሳቋ ጠፋ። ሰውየው እውነት ተመትቷል።

በመጨረሻ አውቶብሱ መጣ፤ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰልፉ እየተገፋ፣ እየተጠቀጠቀ፣ ተራው እነሱ ጋ ሲደርስ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እጁን ዘረጋ። «በቃ! አንድ ሰው ብቻ!» ካለ በኋላ ዓይኑ ሰውየው ላይ አረፈ። «ውይ፣ አለቃ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ይግቡ እንጂ፣ አለቃ!»

ሰልፉ ሁሉ አንገቱን አዞረ። አቶ ስምሪት ግን ያንን አላየም። ሁለት ሰው፣ አንድ ቦታ፤ እጁ እንደለመደው ብድግ አለና የእጮኛውን ጀርባ ነካ። «አንቺ ግቢ፤ እኔ በሚቀጥለው…»

እሷ ዞር ብላ አየችው። ያን ጊዜ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ፍቅሩ ይሁን ሰሌዳው ትዝ ያለው እኔ አልምልም። ብቻ እጁን ከጀርባዋ አንስቶ መዳፏን ያዘ፤ በጥብቅ።

«ሁለት ልብ ከሆናችሁ እኔ ልግባ!» ብላ ባለሽንኩርቷ በመሀላቸው ሾልካ ገባች። በሩ ሲዘጋ በመስኮት ብቅ ብላ «አለቃ? አንተ ነህ? ይድፋህ!» ስትለው ተሰማ።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለችው እጮኛው፤ እጇን አላስለቀቀችም።

ምራቁን ዋጠ። «የለም። ከዚህ በኋላ ያለውን ባለፈው ወር ሰርዤዋለሁ። ሰው የለውም ብዬ።»

ይህን ያለው ቀስ ብሎ ነበር፤ ተሰልፎ የደከመው ሰው ጆሮው ግን ቀጭን ነው። «ምን አለ? ሰረዝኩት ነው ያለው?» ብሎ አንዱ ለሌላው አቀበለ። እግዜር ያሳያችሁ! ሽማግሌው እንኳ ከዘራቸውን አነሱ። ሁለቱ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ከሰልፉ ወጥተው እብስ አሉ፤ ለሠርጉ የሚበቃ እርግማን ከኋላ እየተከተላቸው። እሷ እየሮጠች ትስቃለች፤ በስልክ እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም።

ጫጫታው ሲርቅ ዝግ ብለው መራመድ ጀመሩ። መንገዱ ረጅም ነው፤ የአክስቷ ቤት ዳገቱ ላይ ነው። ሰውየው አንዴ ትንፋሹን ሳበ፣ ተወው። ደግሞ ሳበ።

«ያ የጫጉላው ስምሪት ጊዜ ለመቆጠብ አልነበረም» አለ። «በስልክ ሲጨንቀኝ ‹ሥራ ጠሩኝ› እልሽና እዘጋዋለሁ። እዚያ ግን ማን ይጠራኛል? ቀኑን ሙሉ ከጎንሽ ስቆም ምን እንደማወራሽ አጣሁ። ትሰለቺኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እሷ ቆመች። ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ክንዱን በክንዷ አቆላልፋ ወደ ዳገቱ ጎተተችው። አንዲት ቃል አልተናገረችም። እሱም ቃል ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ፣ መፈለጉን ተወና ዝም ብሎ ከጎኗ ሄደ፤ እስከ ላይ ድረስ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ቁልፏን አወጣች።

«ልብሱን ነገ አነሳዋለሁ» አለችው። «አየህ? አልሞትክም።»