ትልም አይዘለልም

ወንድሜ የሞተው ባሕር ላይ ነው። ሐረር ውስጥ ይህን ስናገር ሰው ደግሞ ይጠይቀኛል። የፈላና በር ልጅ ከባሕር ጋር ምን አገናኘው ይላሉ። የመርከብ ሞያ ተማረ፤ በሌላ አገር የባሕር ኃይል መርከብ ላይ ተቀጠረ። መርከቧ መድፍ የላትም። ሥራዋ የባሕርን ጥልቀት እየለኩ ካርታ መሥራት ነው።

ለእረፍት የመጣ ጊዜ ለእማዬ አስረድቷት ነበር።

«ድሬ ጠያራ ገበሬዎቹ እንደሚያርሱት ቁጠሪው። ዳር ደርሰን እንዞራለን፣ ከጎኑ ሌላ ትልም እናወጣለን። ከመርከቧ ሆድ ድምፅ ወደ ታች ይላካል። ወለሉን ነክቶ ሲመለስ ማሽኑ ይሥለዋል።»

«ሁሉን ያያል?»

«መርፌ ቢወድቅሽ ያይልሻል።»

«እንግዲያው የጠፋ ጉትቻዬን ፈልጉልኝ» አለችው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

የሞተው በዚያው ሥራ ላይ ነው። ድምፅ ውኃ ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት የሚለካ ዕቃ አለ፤ በየጊዜው በገመድ ይወርዳል። እሱን ከመርከቧ ኋላ ሲያወርድ ወንድሜን ማዕበል ወሰደው። የመርከቧ ሰዎች ፈልገን አጣነው አሉ። ሥራቸው ታች ያለውን ማወቅ ነው። አጣነው አሉ።

መርዶው ሲነገራት እማዬ አላለቀሰችም። የእድራችን ዳኛ ድንኳን አስይዘው ሲመጡ በር ላይ ቆመች።

«መርፌ የሚያይ ማሽን አላቸው። ልጄን ሳያዩት ድንኳኑ ለማን ነው?»

ኤረር በር ጨርቅ የሚሸጡት ጎረቤታችን ሐጂ ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። «የአላህ ቀደር ነው፣ እህቴ። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።»

«እርስዎ ልጅዎን ቀብረዋል። የት እንዳለ ያውቃሉ።»



ድንኳኑ እንደተጠቀለለ በረንዳው ላይ ቀረ። ሰው እግሩን አሳጠረ። ያልተለቀሰበት ቤት ምን ተብሎ ይገባል? እሷ እህል አልቀምስ አለች። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

አብሮት ይሠራ ለነበረ ያገራችን ልጅ ደወልኩ። ማሽኑ አላየውም ወይ አልኩት።

«እዚያ በጣም ጥልቅ ነው። ቤት የሚያህል ነገር ካልሆነ አይለይም። ወንድምህም ያውቅ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ሥራ ተመለስን።»

«የት ቦታ?»

«ያቋረጥነው ላይ። ትልም አይዘለልም፤ ካርታው ባዶ ይቀራል።»

በላዩ አልፈዋል ማለት ነው። ለክተዋል። የዚያ ቦታ ጥልቀት ካርታ ላይ ይጻፋል፣ መርከቦች ይጠቀሙበታል። ሥራው አልተበላሸም።

እማዬ ዘንድ ገባሁ። ማሽኑ አያይም ብላት ወንድሜ ያጫወታት ሁሉ ውሸት ይሆንባታል። አይቶ አጣው ብላት ደግሞ በሕይወት አለ ብላ ስትጠብቅ ታልቃለች።

«አይተውታል» አልኩ።

ቀና አለች። «ማሽኑ?»

«አዎ። አሸዋ ላይ ነው። ጥልቅ ስለሆነ ማውጣት አልተቻለም።»

«በጎኑ ነው በጀርባው?»

«በጎኑ።»

«በየትኛው?»

ከእሱ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግሁት። «በግራው» አልኳት።

«አዎ» አለች። «እንደሱ ነው የሚተኛው።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። እኔ ወጥቼ የተጠቀለለውን ድንኳን ገመድ ፈታሁ።