ማማሰያ የማይገባበት ድስት

ምግብ ቤት የያዘ ሰው ስለ ምግብ ሲወራ መስማት ይሰለቸዋል። እኔ ሚዛን ተፈሪ ላይ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሽሮና ጥብስ ስሸጥ ነው ጉልበቴ ያለቀው። ያኔ ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ፣ ማታ እግሬን የጨው ውኃ ውስጥ ነክሬ ቁጭ እላለሁ። ሰው "ዛሬ ምን አለ?" ሲለኝ መልሱን አፌ ብቻውን ይጨርሰዋል፤ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ። ምግብ ቤቱን ከዘጋሁት ቆየሁ። ከዚያ ሁሉ ድስት ዛሬ ድረስ ከዓይኔ ያልጠፋው አንድ ድስት ብቻ ነው፤ እሱንም የሠራሁት እኔ አይደለሁም።

የሠራችው ከፊሊፒንስ የመጣች መምህርት ናት። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ከዚያ አገር በርከት ያሉ አስተማሪዎች መጥተው ነበር። እሷ ከምግብ ቤቴ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራየችኝና ጎረቤቴም ደንበኛዬም ሆነች። አጠር ያለች፣ ፀጉሯ ወገቧ ላይ የሚደርስ፣ በዕድሜ ከኔ ብዙም የማታንስ ሴት ነበረች። የሰፈሩ ልጆች "ቻይና! ቻይና!" እያሉ ሲከተሏት መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር። በኋላ ዝም ብላ ማለፍ ጀመረች። እንደታከታት ገባኝ፤ መታከት እንደሆነ እኔን አይጠፋኝም።

በመጣች ሰሞን ተጣልተናል። እኔ ለሰው ምሳ ሳቀርብ፣ እሷ ቀጥ ብላ ኩሽናዬ ገብታ የድስቶቼን ክዳን አንድ በአንድ ታነሳለች። አማቴ እንኳ ደፍራ ያላደረገችውን። ደሜ ፈላ። "ምን ጠፋሽ፣ ሴትዮ?" ብዬ ክዳኑን ከእጇ ነጠቅኳት። አማርኛ ስትለምድ ነው ነገሩን ያስረዳችኝ። በአገሯ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ድስቶቹን ፊት ለፊት ደርድሮ ያስቀምጣል፤ የሚበላው ሰው ክዳኑን እያነሳ ያይና "ከዚህ፣ ከዚያ" እያለ በጣቱ ይጠቁማል። "ሳላይ እንዴት አዛለሁ?" አለችኝ። "እኔ ዘንድ ሳታዪ ታዣለሽ" አልኳት። ሳቀች። ክዳን ማንሳቷን ግን አልተወችም፤ እኔም መቆጣቱ ሰለቸኝና ተውኳት።

ሩዝ ካልበላች በላሁ አትልም። እንጀራዬን አጣጥማ ትበላለች፣ ጣቷን ትልሳለች፣ ከዚያ ክፍሏ ገብታ ሩዝ ትቀቅላለች። ከጉራፈርዳ የሚመጣውን ሩዝ በኩንታል ነበር የምታስገባው። እሑድ እሑድ አንዱን ምድጃዬን ትለምነኝና የአገሯን ትሠራለች። ዶሮውን በአቼቶና በነጭ ሽንኩርት ትቀቅለዋለች፤ በርበሬ የለው፣ ቅቤ የለው። ሳየው ለዶሮው አዘንኩ፤ ስቀምሰው ግን ሳህኑን ጠረግኩት። ዓሣ ከጋምቤላ ሲመጣ ደግሞ ባልበሰለ ማንጎ አኮምጥጣ ሾርባ ታደርገዋለች። አንድ ቀን በአገሯ ድግስ ሲሆን አሳማ እንዳለ እንጨት ላይ ተሰክቶ እንደሚጠበስ፣ ቆዳው ጥርስ ላይ እንዴት እንደሚንኮሻኮሽ፣ በእጇ ጭምር እያሳየች ለደንበኞቼ ታወራላቸዋለች። አጠገቧ የነበሩት ሰዎች ሳህናቸውን ይዘው ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ። "እባክሽ ገበያዬን አትዝጊብኝ" አልኳት።

አንድ ነገሯ ግን ቁርጥ የኛ ነው። እየበላች ሰው ካለፈ፣ የማታውቀውም ቢሆን፣ "ና፣ እንብላ" ሳትል አትጎርስም። በአገራቸውም እንደዚሁ ነው አሉ። ይህን ካየሁ በኋላ ነው እንደ ሰው የቆጠርኳት ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ አንድ የክረምት ጠዋት፣ ጠፍቶ የሰነበተው ኔትወርክ ሲመለስ ስልኳ ጮኸ። እናቷ አርፈዋል። ፈቃድ ተጠይቆ፣ ትኬት ተቆርጦ፣ በዚያ ጭቃ አዲስ አበባ ተደርሶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ከዚያ ደግሞ በጀልባ ወደ ደሴታቸው። "እስክደርስ ተቀብራለች" አለችኝ። የትምህርት ክፍለ ጊዜ እንደምትናገር አድርጋ ነው ያለችው። እንባ የሚባል የለም።

የሰፈራችን ዕድር ዘር አይጠይቅም፤ ሰው ሞተባት ከተባለ ይመጣል። አልጋዋ ወጣ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ወንበር መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ቤንቹም፣ ከፊቾውም፣ ከጅማ በኩል የመጡት ሙስሊም ነጋዴዎችም፣ ጴንጤዎቹም ተራ በተራ ገብተው ተቀመጡ። ግን ምን ብለው ያጽናኑ? ሟቿን የሚያውቅ የለ፣ ደግነታቸውን አንስቶ የሚያስለቅስ የለ፣ ልጃቸውም አታለቅስ። እጇን አጣምራ ለገባው ሁሉ "አመሰግናለሁ" ትላለች። ሴቶቹ ተጨነቁ። "ታምቆባት ነው፤ ካልወጣላት ትታመማለች፣ አንድ ነገር አድርጊ እንጂ" ይሉኛል፣ እኔ ሐኪም ይመስል። እኔስ ቢሆን ፈርቼላት ነበር። ሌሊት በግድግዳው በኩል ስሰማት አትተኛም፤ ከወዲያ ወዲህ ትላለች።

ሰው ቀለል ሲል ኩሽና መጣችና ምድጃው አጠገብ ቆመች። "እትዬ፣ በዘጠነኛው ቀን ምግብ መሥራት አለብኝ" አለችኝ። በአገሯ ለሟች ዘጠኝ ቀን ይጸለያል፤ በመጨረሻው ቀን ላጽናናው ሰው ሁሉ ማዕድ ይቀርባል። የሚያበላው ራሱ ሐዘንተኛው ነው። እህት ወንድም የላትም። "አልቀበርኳትም። ካላበላሁላትም እናቴ ልጅ አልነበራትም ማለት ነው" አለችኝ። 

ጉድ ፈላብኝ። በኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ምድጃ አይነካም፤ ጎረቤት ሠርቶ ያጎርሳታል እንጂ። በዕድራችን በየለቅሶው ድስት የምትይዝ አንዲት ሴት አለች፣ ክንደ ብርቱ፣ ቁጡ። ስነግራት መሶቡን አስቀምጣ አፈጠጠችብኝ። "እኛ ሞተናል እንዴ? ዕድርተኛው ቁጭ ብሎ ሐዘንተኛ ወጥ ሠርታ ታብላው? ነገ አገር ምን ይለናል?" አለች። ወደ መምህሯ ስሄድ እሷ አንገቷን ደፍታ "እባክሽ" ትላለች። ወደ ሴቶቹ ስመለስ "አንቺ ነሽ ያበላሸሻት" ይሉኛል። የራሴ ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ደንበኛ ይጮኻል፣ ሽንኩርቱ አልተከተፈም። ለማን ብዬ ነው እዚህ መሐል የገባሁት ብዬ ራሴን ረገምኩት።

በመጨረሻ ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄድኩ። ከጅማ በኩል የመጡ፣ ጨርቅ የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው። ሱቃቸው ደጃፍ ቆሜ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳቸው። ጣቃውን እየጠቀለሉ ሰሙኝና "እናቷ የሷ ናቸው፤ እንዴት እንደምትሸኛቸው እኛ አናዝም" አሉ። "ድስቱና እንጨቱ ከዕድሩ ይምጣ፤ ወጡን እሷ ትሥራ። ብቻ የጾም ይሁን፣ ሁላችንም እንድንበላላት።" ሥጋ ከሆነ የእስላም የክርስቲያን ተብሎ ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። ይህን ስነግራት እጄን ይዛ ግንባሯ ላይ አስነካችው፤ የአገሯ አክብሮት ነው መሰለኝ። አፈርኩ፣ እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር።

የእናቷ ወጥ የጎደሬ ቅጠል ነው። በኔ ቤት ጎደሬ ማለት ሥሩ ነው፤ ቅጠሉን ዝናብ ሲመጣ ራስ ላይ ከመያዝ በቀር ለምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር። እሷ ከሸዋ ቤንች በኩል ቅጠል በሸክም አስመጣች፣ ከምድጃዬ በላይ ገመድ ዘርግታ አደረቀችው። በአገሯ በኮኮናት ወተት ነው የሚሠራው። ኮኮናት ከየት ይምጣ? ለውዝ ወቅጣ፣ በውኃ አሽታ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልላ ነጭ ወተት አወጣች። ዝንጅብሉን ከተፈች፣ ቃሪያውን ሰነጠቀች። ዕንቅልፍ አጥታም ሥራዋ አይዛነፍም፤ እያየኋት እኔ ደከምኩ።

በዘጠነኛው ቀን ትልቁን የዕድር ድስት ጣደች፣ ቅጠሉን ጨምራ፣ ወተቱን አፍስሳ ከደነችው። እኔንና ያቺን ድስት ያዥ ጠራችን። "ይኼ አይማሰልም። እስኪበስል ማንም አይንካው" አለችን። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም፤ እኛም የሐዘን ወጋቸው መስሎን አልጠየቅንም። ዳኛው ሽማግሌዎቹን አስከትለው ሲገቡ ልትቀበላቸው ወጣች።

ሩዙን ላወጣ ዞር ብዬ ስመለስ፣ ድስት ያዧ ክዳኑን አንስታ፣ ትልቁን ማማሰያ እስከ እጀታው አስገብታ ታማስላለች። "ምን እያደረግሽ ነው? አይነካ ተብሎ!" አልኳት። "ሸተተኝ፣ ሊያርር ነው" አለች። "በሰው እናት ለቅሶ ያረረ ወጥ ላቀርብ ነው እንዴ? ትንሽ ነው ያገላበጥኩት።" ትንሽ አልነበረም። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ድስት ፊት ቆማ ዝም ማለት አታውቅም። ማማሰያውን ተቀበልኳትና ከደንኩት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ ሰው ተቀምጧል።

ጠረጴዛ ተገጣጥሞ የሙዝ ቅጠል ተነጠፈበት። ሩዙ መሐል ለመሐል ተቆለለ፣ የጎደሬው ወጥ ላዩ ላይ ፈሰሰ። ሁሉም እንደየእምነቱ ጸለየ። እሷ አልተቀመጠችም፤ ሰው ሳይጠግብ አትበላም። ዳኛው መጀመሪያ ጎረሱ። አላመጡ፣ ትንሽ ቆም አሉ፣ ዋጡ፣ ደግመው ጎረሱ። እኔም ጎረስኩ። ለአፍ ጥሩ ነበር፣ ለውዙም ዝንጅብሉም። ከዚያ ጉሮሮዬን ሳማ የዋጥኩ ያህል ይበላኝ ጀመር። ምላሴም፣ ከንፈሬም።

ቀና ብዬ ሰውን አየሁ። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አንዱ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ ያስላል፣ ሴቶቹ ዓይናቸው ቀልቷል። የሚያቆም ግን የለም። ለቅሶ ቤት ምግብ ማን ይነቅፋል? ድስት ያዧ ጥፋቷ ገብቷት መሰለኝ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ከሁሉም በላይ ትጎርሳለች። መምህሯ "ጨምሩ፣ ጨምሩ" እያለች ትዞራለች። "ይጣፍጣል" ይሏታል በተዘጋ ጉሮሮ። እኔም "ይጣፍጣል" አልኳት፤ ውሸትም እውነትም ነበር።

ዞራ ዞራ መሐላችን ቆመች። ያን ሁሉ እንባ አየች። "ለእናቴ ነው?" አለች ቀስ ብላ።  ጎንበስ ብላ ከቅጠሉ ላይ አንድ ጉርሻ አነሳች፣ ቀመሰች፣ ፊቷ ተለወጠ። "ተማስሏል" አለች። "ቅጠሉ ሳይበስል ከተማሰለ ጉሮሮ ይበላል። ለምን ዝም አላችሁ? ያማችኋል እኮ።"

ድስት ያዧ "እኔ ነኝ፣ እኔን ይድፋኝ" ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዳኛው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና "ልጄ፣ የእናትሽ ማዕድ ነው። እንዴት ትተነው እንነሳለን?" አሏት።

ጠረጴዛውን አየች። ከዚያ ሁሉ ክምር እሷ ቆማ ከነበረበት ፊት ለፊት ትንሽ ቀርቷል እንጂ ቅጠሉ ባዶ ነበር። ድስት ያዧን ጠጋ በይ አለቻትና አግዳሚው ላይ ከጎኗ ተቀመጠች፤ የቀረውን በጣቶቿ ሰብስባ ጎረሰች፣ ደግማ ጎረሰች። ከዚያ እጇ አፏ ላይ እንዳለ እናቷን ጠራች፣ እኛ በማናውቀው ቋንቋ፣ ሕፃን ልጅ በሚጣራበት ድምፅ። አንዴ ከወጣ በኋላ የሚያቆመው አልነበረም። ድስት ያዧ ደረቷ ላይ ለጠፈቻትና ብርቱ ድምጿን ለቀቀችው፤ ሴቶቹም ስንት ቀን ሲጠብቁት የነበረውን ተቀበሏት። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ቆሙ። እኔም አለቀስኩ። ሚዛንን ረግጠው የማያውቁ ሴት፣ ያን ዕለት ሚዛን ላይ እንደ አገር ሰው ተለቀሰላቸው።