ሲንቄ የማያውቁ ኃያላን

ቅቤ የጠጣ እንጨት በሸተተኝ ቁጥር፣ ጎባ ያለው የልጅነት ቤታችን ከነጭቃ ግድግዳው ፊቴ ይደቀናል። ሽታው የአክስቴ የፋጡማ ሲንቄ ነው። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭንና ቀጥ ያለች በትር ናት። በእኛ በባሌ ወንዶች ሊጋደሉ ሲነሱ፣ ባለትዳሮቹ ሴቶች በአንድ እጃቸው ሲንቄ፣ በሌላው እርጥብ ሣር ይዘው መሃል ይቆሙ ነበር። ሲንቄን አልፎ የሚተኩስ ወንድ አልነበረም፤ እርግማኑ እስከ ሰባት ቤት ይወርዳል ይባል ነበርና።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ስትሆን፣ አላህ ልጅ ስላልሰጣት እኔን እንደ ልጇ ታየኝ ነበር። በበጋ፣ ገብሱ ታጭዶ ሲያበቃ፣ ከገሰራ በታች ካለው መንደሯ በበቅሎ ቅቤ ጭና ጎባ ገበያ ትመጣና እኛ ዘንድ ትሰነብት ነበር። አባቴ የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ የነገውን ትምህርት ጮክ ብሎ ካላነበበ የማይሆንለት ሰው ስለነበር፣ ቤታችን ውስጥ ፋርስ ተነስታ ትወድቅ፣ ሮማም ተነስታ ትወድቅ ነበር። አክስቴ ሲንቄዋን ቅቤ እየቀባች ሰምታ ሰምታ፣ አንድ ቀን አላስችል አላት።

«ያ በርሲሳ» አለችው፤ መምህሩ ማለቷ ነው። «የሮማ ሴቶች ሲንቄ አልነበራቸውም?»

«አልነበራቸውም መሰለኝ» አላት አባቴ እየሳቀ።

«ታዲያ መውደቃቸው ምን ይደንቃል!» ብላ መቀባቷን ቀጠለች።

በዚያው ዓመት በልጉ ሲገባ ግን ሳቁ ቀረ። በመሬትና በግብር የተማረሩ ገበሬዎች ጫካ ገብተው ስለነበር፣ እነሱን የሚወጋ የንጉሡ ጦር በካሚዮን ተጭኖ ጎባ ገባ፤ ተከትሎም ከባሕር ማዶ ካለ ኃያል አገር የተገኙ ናቸው የሚባሉ አውሮፕላኖች በላያችን ማለፍ ጀመሩ። እኛ ልጆች ምኑን አውቀን፣ እየሮጥን ወጥተን እጃችንን እናውለበልብላቸው ነበር። እናቴ ግን ወደ ገሰራ በሚወስደው መንገድ ላይ ዓይኗን ተክላ ትውል ነበር፤ ጭንቀቷ ሁሉ እህቷን ጦሩ ሳይደርስባት ከዚያ ማውጣት ነበር።

አክስቴ ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን መጣች፤ ነገር ግን ልትሰናበተን እንጂ ልትቀር አልነበረም። ጦሩ መንደሯ ጫፍ ሰፍሯል፣ ጫካ የገቡትም ከሜዳው ማዶ ናቸው፤ ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው መሃል ሊቆሙ ተማክረዋል፣ የምትመራቸውም ታላቃቸው እሷ ናት።

«እባክዎን እዚሁ ይቅሩ» አላት አባቴ፤ እንደዚያ ሲለማመጥ አይቼው አላውቅም። «እነዚህ እኮ የጎሳ ጠበኞች አይደሉም፣ ሲንቄ አያውቁም። ደግሞ የሚመጡት ከላይ ነው።»

«ከላይ ያለው አላህ ብቻ ነው» አለችው።

እናቴ እግሯ ላይ ወድቃ አለቀሰች፣ እኔም ቀሚሷን ጨምድጄ አለቅም አልኩ። «ተይ ልጄ፣ ሠርግሽ ላይ ሲንቄሽን ቅቤ የምቀባው እኔ አይደለሁም እንዴ?» እያለች ጣቶቼን ቀስ አድርጋ አላቀቀችና ሄደች።

የሆነውን የነገረችን አብራት የወጣችው ጎረቤቷ ናት፤ የአክስቴን ሲንቄ ታቅፋ፣ ክረምቱ መግቢያ ላይ ደጃችን ደረሰች። ሴቶቹ ሜዳው መሃል ተሰልፈው ሲንቄያቸውን ከፍ አድርገው ሲቆሙ፣ ጫካ የገቡት ተኩስ አቆሙ፤ ከጦሩ በኩልም ተኩሱ ቆመ፣ እንዲያውም አንድ ወታደር ጠመንጃውን መሬት አስቀምጦ ቁጭ አለ። ይህን ስትናገር የሴትዮዋ ፊት በርቶ ነበር። ከዚያ አውሮፕላኑ መጣ። ከዚያ ከፍታ ለሚያይ፣ ተሰልፎ በትር ያነሳ ሁሉ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው። ሌሎቹ ሲበተኑ አክስቴ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«‹አትሽሹ፣ ከፍ አድርጉት፣ አላዩት ይሆናል!› ትለን ነበር» አለች ሴትዮዋ።

እናቴ ሲንቄዋን ተቀብላ፣ አሽታ፣ ሳትጮህ ከበሩ ኋላ አቆመቻት። አባቴ ከዚያ ወዲህ ጮክ ብሎ ማንበብ ተወ። እኔ ባደግኩና በተዳርኩ ጊዜም እናቴ ሲንቄ አልሰጠችኝም፤ «ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ዛሬ የምኖረው ሮቤ ነው። ያ መንግሥት ወደቀ፣ የጣለውም በተራው ወደቀ፤ አባቴ ቢኖር ያነብልን ነበር። የአክስቴ ሲንቄ አሁን ከእኔ በር ኋላ ቆማለች፣ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ቅቤ እቀባታለሁ። ያኔ እኛ እንሮጥ እንደነበረው፣ የመንገደኞች አውሮፕላን ሮቤ ሊያርፍ ዝቅ ሲል የልጅ ልጄ ያገኘችውን እንጨት አንስታ ልታውለበልብ ትሮጣለች። የመንገደኛ መሆኑን አውቃለሁ። እያወቅኩም ከኋላዋ እጮሃለሁ፤ «ጣዪው! በእጅሽ የያዝሽውን ጣዪው!»