ከሁለት ሰው የሰማ ዝም ይበል

የሥራ ባልደረቦቹ «ቆጣቢው» ይሉታል፤ እሱ ያሞካሹት መስሎት ይኮራል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጫካ ሲገቡ የሚይዙትን የእጅ ሬዲዮ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። እዚያ የስልክ ምሰሶ ስለሌለ መልእክቱ ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ እየተላለፈ ነው የሚሄደው። ድሮ የሰማው ሬዲዮ ሁሉ መልሶ ያስተጋባ ስለነበር «ተመለሱ» የምትል አንዲት ቃል ጫካውን ስታምስ ውላ ባትሪውን ጨርሳ ታርፍ ነበር። እሱ ታዲያ ሕግ አወጣ፦ ከሁለት ጎረቤት የሰማ ሬዲዮ ዝም ይበል። ባትሪው እስከ ማታ ዘለቀ። ሥራውስ ደህና ሥራ ነው፤ ነውሩ ሰውየው ሕጉን ይዞ ቤቱ መግባቱ ነው።

ጎረቤቱ ስትታመም አልጠየቃትም፤ ሌሎች ጠይቀዋታል። ዘበኛውን ሰላም አይልም፤ ከፊቱ የወጣው ሰው ብሎታል። ሰላምታ ከኪሱ የሚወጣ ይመስል።

ሚስቱ «የልጁን መታመም ለአስተማሪው ነገርክ?» ስትለው፣

«እህቱ እዚያው ትማር የለ፣ ትነግረዋለች» ይላል።

«አንተ ሰው፣ አፍህም በባትሪ ነው እንዴ የሚሠራው?»

ይስቃል። ብልህ የሆነ መስሎታል እኮ።

አንድ ቀን ከኮረብታ ጀርባ የነበረ ሠራተኛ «ተመለሱ» መባሉን ሳይሰማ ቀርቶ ቅንድቡ ተቃጥሎ ወጣ። ለሱ ሊያደርስለት የሚችለው ሬዲዮ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሁለት ጎረቤት ሰምቻለሁ ብሎ ዝም አለ። ቆጣቢው ወዲያው ሕጉን አረመው፦ ባንተ በኩል ብቻ የሚሰማ ካለ ዝም አትበል። ተጨበጨበለት፣ ደረቱን ነፋ።

በዚያው ሰሞን እናቱ ሆስፒታል ገባች። ታላቅ ወንድሙ ደወለ፣ አክስቱም ደወለች፤ «ትንሿን ልጄን አምጡልኝ ትላለች» አሉት። ትንሿ እህቱ ከዚሁ ከታላቅ ወንድማቸው ተኳርፋ ሩቅ ከተማ ከሄደች ወዲህ የስልክ ቁጥሯን የሰጠችው ለቆጣቢው ብቻ ነው። ይህን ያውቃል። ግን ከሁለት ሰው ሰምቷልና እሷም ሳትሰማ አትቀርም ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። የሬዲዮውን ስሕተት ያረመው ጭንቅላት ነው ይህን ያሰበው።

«ነግረሃታል አይደል?» አለችው ሚስቱ።

«ሰምታለች።»

እናቱ ዐይኗን ከበሩ ላይ ሳትነቅል አረፈች። ቀብር ላይ አክስቱ «እናቷን እንኳ አትቀብር? ምን ዓይነት ልብ ነው!» ብላ ስታማት አጠገቧ ቆሞ ጫማውን ያያል። መቼም ለዚህ ዝምታው ሕግም አላስፈለገው።

በሳምንቱ እህቱ እንደ ልማዷ ደወለች።

«እማዬ እንዴት ናት?»

«ጋሼ አልደወለልሽም?»

«ቁጥሬ የለውም። ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው፣ ታውቃለህ። ምነው፣ ምን ሆና ነው?»

ሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች። እሷ ትንገራት ብሎ ስልኩን ዘረጋላት።

ሚስቱ ስልኩንም እሱንም አየች። ከዚያ ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች።